የቆቅማ ድልድይ ኮሚቴ የወርቅ አባል ሊሆን የተሰበሰበበት ዕለት

ቀን፦ ረቡዕ፣ ሰኔ 22 ቀን 2014 ዓ.ም.
ቦታ፦ ፍኖተ ሰላም፣ ከማዳበሪያ መጋዘኑ አጠገብ ያለው የስብሰባ ክፍል
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 2፡30
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4፡10

የተገኙ አባላት
1. አቶ ላቀው፣ ሊቀ መንበር
2. አቶ ያረጋል፣ ምክትል ሊቀ መንበር፣ የቡሬ ነጋዴዎች ተወካይ
3. መሪጌታ ኪዳነ ማርያም፣ በቆቅማ ወንዝ ዳር ያለው ደብር ተወካይ
4. ወ/ሮ ሀብትነሽ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት የሾላ ሜዳ ገበሬዎች ተወካይ (ጎህ ሲቀድ ተነሥተው፣ በላይኛው መልካ ዞረው፣ 2፡00 ላይ በር ሳይከፈት የደረሱ)
5. ሰርካለም፣ አባልና ጸሐፊ

ያልተገኙ
ኢንጅነር ደጀኔ። ከአባላቱ መካከል ስለ ድልድይ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ሲሆኑ፣ ስለ ድልድይ በየሆቴሉ በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ስለሆኑ ኮሚቴው ከተቋቋመበት ከጥቅምት ጀምሮ በፈቃድ እንደቀሩ ናቸው።

ምልዓተ ጉባኤ በአራት ሰው ስለሚሞላና ከስድስቱ አባላት አምስቱ ስለተገኙ፣ ሊቀ መንበሩ ስብሰባውን በይፋ ከፍተው የሚከተሉትን አጀንዳዎች አስመዝግበዋል።

1. ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ
2. ዐውደ ጥናቱ የሚካሄድበትን ሆቴል መምረጥ
3. የሆቴሉ የአባልነት ካርድ በማን ስም እንደሚወጣ መወሰን
4. ልዩ ልዩ (ድልድዩን ጨምሮ)

አጀንዳ 1
ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነበበ። በእርሱም ላይ እንደተመለከተው፣ ባለፈው ነሐሴ ጎርፍ የቆቅማን የእንጨት ድልድይ ጠራርጎ ከወሰደ በኋላ አንድ ለጋሽ ድርጅት የብረት ድልድይ ሊሰጥ ፈቅዷል። ብረቱ ከመምጣቱ በፊት ግን የሦስት ቀን ዐውደ ጥናት እንዲደረግ ጠይቋል። ወ/ሮ ሀብትነሽ ብረቱ እስኪደርስ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ይሻገርበት ብለው አመልክተው የነበረ ሲሆን፣ ጊዜያዊ መሻገሪያ ከተሠራ ለጋሹ ችግሩ ተቃልሏል ብሎ ዐውደ ጥናቱን ሊሰርዘው ይችላል በሚል ስጋት ኮሚቴው ከልክሏል።

ወ/ሮ ሀብትነሽ ክልከላው ዛሬ እንደገና እንዲታይላቸው ለመኑ። ምራታቸው ንግሥቴ ወሯ መግባቱን፣ ወንዙም በየቀኑ እየሞላ መሆኑን፣ የላይኛውን መልካ ዛሬ ጠዋት ሲሻገሩ ውኃው ወገባቸው ድረስ መድረሱን አስረዱ። ሊቀ መንበሩ አቤቱታው ልብ የሚነካ መሆኑን ገልጸው፣ ልብ የሚነኩ ጉዳዮች በልዩ ልዩ ሥር እንደሚታዩ አስታወሱ። ወ/ሮ ሀብትነሽ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ማለታቸው ተሰምቷል። ሊቀ መንበሩ ወረቀት የሚለው ብቻ እንዲመዘገብ አዘዋል።

ቃለ ጉባኤው በሦስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ ጸደቀ።

አጀንዳ 2
አቶ ላቀውና አቶ ያረጋል ያሉበት አጥኚ ቡድን በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ባሉ ሦስት ታላላቅ ሆቴሎች አሥራ አንድ ቀን አድሮ ያዘጋጀውን ባለ 34 ገጽ ሪፖርት አቀረበ። ድልድዩ በሽፋኑ ላይ ተጠቅሷል። ለጋሹ ዐውደ ጥናቱ «በአካባቢው» ይደረግ ማለቱን መሪጌታ ቢያነሡም፣ አቶ ያረጋል አካባቢ ማለት ሰፊ ቃል እንደሆነ፣ በመኪና አንድ ቀን የሚያስኬድ ሁሉ አካባቢ እንደሚባል አብራርተዋል።

የውድድሩን ምሥጢር ለመጠበቅ ሆቴሎቹ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ተብለዋል። ሆኖም አቶ ያረጋል ከሆቴል «ለ» ያመጡትን ነጭ ነጠላ ጫማ አድርገው ስለመጡና የሆቴሉ ስም የሚነበበው በቀኝ እግሩ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ምሥጢሩ በግማሽ ተጠብቋል።

በሪፖርቱ መሠረት ሆቴሎቹ ደጋግሞ ላደረ ደንበኛ ነጥብ እየቆጠሩ መጀመሪያ የብር፣ ከዚያም የወርቅ አባል ያደርጉታል። ሆቴል «ሀ» ለብር አባላቱ እስከ ከሰዓት በኋላ 10፡00 ድረስ ክፍል ሳይለቁ እንዲቆዩ ይፈቅዳል፤ አልጋ ራስጌም ፍራፍሬ ያስቀምጣል። ሆቴል «ለ» ለወርቅ አባላቱ ክፍላቸውን ያለ ጭማሪ ወደ ተሻለ ያሳድጋል፤ በልደታቸው ቀን ኬክ ይልካል፤ ከሰባት ዓይነት ትራስ ያስመርጣል። ሆቴል «ሐ» አባላት ብቻ የሚቀመጡበት ሳሎን አለው። አጥኚ ቡድኑ ሳሎኑ ውስጥ ለመግባት አባል ስላልነበረ፣ ከበሩ ላይ ሆኖ ባየው መጠን እጅግ ውብ ነው ሲል መስክሯል።

ስለ ትራሶቹ አርባ ደቂቃ ውይይት ተደረገ። አቶ ላቀው የላባውን፣ አቶ ያረጋል አንገት የሚደግፈውን ደገፉ። መሪጌታ «ሰባት ትራስ ለአንድ ራስ? ራሱ ባዶ ቢሆን ነው እንጂ!» አሉ። ሊቀ መንበሩ አስተያየቱን እንደ ማበረታቻ ተቀብለውታል።

ወ/ሮ ሀብትነሽ ለዐውደ ጥናቱ የተጠሩት አርባ የሾላ ሜዳ ገበሬዎች በምን ተሻግረው እንደሚመጡ ጠየቁ። አቶ ያረጋል ጥያቄው በሦስተኛው ቀን «የመሻገር ተግዳሮቶች» በሚለው ርእስ በሰፊው እንደሚዳሰስ መለሱ። ወ/ሮ ሀብትነሽም «እንግዲያ ወንዝ ስለ መሻገር ለመማር መጀመሪያ ወንዝ መሻገር አለብን ማለት ነው?» ሲሉ ማብራሪያ ጠየቁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዐውደ ጥናቱ ከሐምሌ 7 እስከ 9 በሆቴል «ለ» እንዲካሄድ ተወሰነ።

አጀንዳ 3
አርባ እንግዳ ሦስት ቀን ሲያድር የሚጠራቀመው ነጥብ አንድን ሰው ወርቅ አባል እንደሚያደርግ በሪፖርቱ ስለተገለጸ፣ ያ ሰው ማን ይሁን የሚለው ለውይይት ቀረበ። አቶ ላቀው ነጥብ ሥልጣንን እንደሚከተል፣ ሊቀ መንበርም እርሳቸው እንደሆኑ አስገነዘቡ። አቶ ያረጋል ቅጹን የሞሉትም፣ አሁን ብር አባል የሆኑትም እርሳቸው መሆናቸውን ገልጸው፣ ሊቀ መንበሩ በሚያንኮራፉበት አኳኋን የትራስ ምርጫ ለእርሳቸው ብክነት ነው አሉ። ሊቀ መንበሩ ማንኮራፋት በአጀንዳው እንዳልተያዘ አሳሰቡ። ድምፅ ከፍ ከፍ ብሎ ስለነበር የመጋዘኑ ዘበኛ ገብቶ ደኅና መሆናችንን ጠይቆ ወጥቷል።

ሰላም ለማውረድ ሲባል አቶ ያረጋል ኮሚቴው ራሱ እንደ አንድ ሰው ሆኖ እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀረቡ። ቅጹ ስም እስከ አያት ስለሚጠይቅ፣ ስም ኮሚቴ፣ የአባት ስም ድልድይ፣ የአያት ስም ቆቅማ እንዲባል ተስማሙ። ጾታ በሚለው ላይ መሪጌታ «ስምንት ወር አርግዞ እስካሁን ምንም ስላልወለደ ጾታውን ለመናገር ይቸግራል» በማለታቸው ቦታው ክፍት ተትቷል። የልደት ቀኑም ኬኩ እንዳያመልጥ ከጥቅምት ወደ ሐምሌ 8 እንዲዛወር ተወስኖ፣ ዕለቱ ዓርብ፣ ኬኩም የፍስክ መሆኑን መሪጌታ ሲያስታውሱ ወደ ሐሙስ ሐምሌ 7 ተስተካክሏል።

ከቀኑ 6፡15 ላይ የወ/ሮ ሀብትነሽ ስልክ ጮኸ። ሊቀ መንበሩ በስብሰባ ወቅት ስልክ እንደሚዘጋ አስታወሱ። የደወለው ልጃቸው ክንዱ ነበር። ንግሥቴን ምጥ ከጠዋት ጀምሮ እንደያዛት፣ በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር እንዳደረሷት፣ የላይኛው መልካ ሞልቶ መግቢያ እንደሌለው ተናገረ። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። ወ/ሮ ሀብትነሽ ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉ። ይህ በቃለ ጉባኤ የሚጻፍ እንዳልሆነ ጸሐፊዋ ታውቃለች።

ሊቀ መንበሩ ኀዘኔታቸውን ገልጸው፣ አንድ ሰው ቢወጣ አራት ስለሚቀር ስብሰባው እንደማይስተጓጎል ለወ/ሮ ሀብትነሽ አረጋገጡላቸው። በዚህ ጊዜ መሪጌታም ተነሡ። ስልኩን ከወ/ሮ ሀብትነሽ እጅ ተቀብለው ክንዱን «ከዚህኛው ዳር ያሉትን ሰዎች ጥራ፤ የደብሩን ባሕር ዛፍ ይቁረጡ፤ ረጃጅሙን! እኔ መጣሁ» አሉት። ሊቀ መንበሩ ይህ ኮሚቴው ዛሬ ጠዋት ያጸደቀውን ክልከላ የሚጥስ መሆኑን አስጠነቀቁ። መሪጌታም «ጥሷል ብላችሁ ጻፉ፤ ንስሓ እገባበታለሁ» ብለው ከወ/ሮ ሀብትነሽ ጋር በባጃጅ ሄዱ።

ሦስት ሰው ስለቀረ ምልዓተ ጉባኤው ፈረሰ። አቶ ያረጋል ወ/ሮ ሀብትነሽ ጃንጥላቸውን ወንበራቸው ላይ ትተው ስለሄዱ ጃንጥላው እንደ እርሳቸው ይቆጠር፣ ሲከፈትም እጅ እንዳወጡ ይወሰድ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊዋ ጃንጥላ እንደማይፈርም ተቃወመች። አንድ ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ ስለተመዘገበ ሐሳቡ ወደቀ። ጉባኤው ለምሳ ተበተነ። ሊቀ መንበሩ ለፊርማ እንዲመለሱ ለወ/ሮ ሀብትነሽ ሦስት ጊዜ ደወሉ።

ከቀኑ 10፡20 ላይ ሁለቱም ተመልሰው ገቡ። ከወገባቸው በታች ጭቃ ነበሩ። የመሪጌታ ራስ ባዶ ነበር። ጥምጥማቸው የት እንደቀረ ጸሐፊዋ ስትጠይቃቸው ሕፃኗ እንደተጠቀለለችበት ነገሯት።

በቀረበው ማብራሪያ መሠረት አርባ ያህል ሰው ከሁለቱም ዳር ተጠራርቶ አራት ግንድ በገመድ አስሮ ዘርግቷል፤ ንግሥቴን በቃሬዛ አሻግረዋታል፤ ግንዱን ለቀው ሣሩን እንደረገጡ ሴት ልጅ ተገላግላለች። እናትም ልጅም ሆስፒታል ገብተዋል፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው።

ወ/ሮ ሀብትነሽ የሚከተለው ቃል በቃል እንዲያዝላቸው ጠየቁ፦ «ሦስት ጊዜ ደወላችሁ። ሦስቱንም ጊዜ አንሥቻለሁ። መቼ ትመጫለሽ አላችሁኝ እንጂ እንዴት ሆነች አላላችሁኝም።»



ከዚያ ሊቀ መንበሩ ደስታቸውን ገልጸው፣ ለጋሹ ቦታውን ሊጎበኝ ስለሚችል ግንዶቹ እስከ ሐምሌ 9 ብቻ መነሣት ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። ወ/ሮ ሀብትነሽ ሰዎቹ ገና ወንዙ ዳር እንዳሉ፣ መጥረቢያም በእጃቸው እንዳለ፣ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ሄደው ቢጠይቋቸው እንደሚሻል መከሩ። አቶ ያረጋል ግንዱ ከቆየ ዐውደ ጥናቱ፣ ዐውደ ጥናቱ ከቀረም ወርቁ እንደሚቀር አሳሰቡ። መሪጌታ «አይ ልጄ፣ ሰም የሌለው ወርቅ እኛ ዘንድ ቅኔ አይባልም፤ ተቀኘሁ ብሎ የቆመው ሰው ግን ይታዘንለታል» ብለው ተቀመጡ።

ጸሐፊዋ በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በአባልነቷ እጇን አውጥታ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበች። በሦስት ድጋፍ፣ በአቶ ያረጋል ተቃውሞና ጉዳዩ ጥናት ያስፈልገዋል ባሉት ሊቀ መንበር ድምፀ ተአቅቦ የሚከተለው ጸድቋል።

የመጨረሻ ውሳኔ
ጊዜያዊ መሻገሪያ የከለከለው ውሳኔ ተሽሯል። የሆቴል «ለ» ምርጫ ተሽሯል። ኮሚቴ ድልድይ ቆቅማ የሚባል ሰው የለም፤ ልደቱም የለም። ለለጋሹ ብረቱ ዛሬም እንደሚያስፈልግ ይጻፍለት፤ ግንድ ክረምትን አይችልምና። ዐውደ ጥናት የግድ ነው ካለ ቆቅማ ዳር ይምጣ፤ እርሱን የሚያስተምሩ አርባ ሰዎች አሉ። ዛሬ በዚህ ክፍል ከ4፡10 እስከ ምሳ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር።

ወ/ሮ ሀብትነሽ ለምራታቸው የገንፎ ዱቄት ይዘው ሆስፒታል መድረስ ስላለባቸው ጉባኤው ከቀኑ 11፡05 ላይ ተዘጋ። ልዩ ልዩ አልታየም።

ፊርማ፦ አቶ ላቀው ጥናቱ እስኪያልቅ አልፈርምም ብለዋል። አቶ ያረጋል በተቃውሞ ፈርመዋል። መሪጌታ ኪዳነ ማርያምና ሰርካለም ፈርመዋል። ወ/ሮ ሀብትነሽ በአውራ ጣታቸው አሻራ ፈርመዋል፤ ጣታቸው የቆቅማ ጭቃ ስለነበረ ቀለም አላስፈለገም።