በካስክ ሥር የተሰየመ ችሎት

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዚህች ከተማ መርማሪ ፖሊስ ያልሆነ ሰው የለም፤ ልዩነቱ ደመወዝ የሚከፈላቸው ጥቂቶቹ መሆናቸው ነው። አንድ ጎበዝ የወንጀል ድራማ ቴሌቪዥን ላይ ይምጣ ብቻ፣ ታክሲ ውስጥ ሬሳ ይመረመራል፣ ሥጋ ቤት ውስጥ ተጠርጣሪ ይያዛል። "የኋላ በር" የሚባለው ድራማ ከጀመረ ወዲህማ አራዳ በሙሉ ፖሊስ ጣቢያ ሆናለች። አንዱ "ትወናው አንጀት ይበላል" ይላል፤ ሌላው "የትኛው ፖሊስ ነው እንዲህ ተረጋግቶ የሚራመደው?" ይላል። ድራማው ሲሸለም ደግሞ ሁሉም በአንድ አፍ "እኔ ድሮም ብያለሁ" አለ።

ከእነዚህ ሁሉ መርማሪዎች መካከል ግን የክብርት እትዬ አሰፋችን ማዕረግ የሚደርስበት አልተወለደም። እትዬ አሰፋች ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው መንገድ ላይ ክርና አዝራር ይሸጣሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ድራማው ሲተላለፍ ሱቃቸው ላይ መጋረጃ ጣል አድርገው አጠገባቸው ወዳለው የሊያ ጸጉር ቤት ይገባሉ። ጸጉራቸው በቢጎዲን ይጠቀለላል፣ ካስክ የሚሉት ትልቁ ማድረቂያ አናታቸው ላይ ይወርዳል። ችሎቱ ተሰየመ ማለት ነው።

ችግሩ፣ ካስክ ውስጥ የገባ ሰው አይሰማም። ማድረቂያው እንደ ወፍጮ ሲያጓራ ከድራማው አንዲት ቃል ጆሯቸው አትገባም። ሌላ ሰው ቢሆን "ምን አለ? ምን አለች?" እያለ ቤቱን ያሰለች ነበር። እሳቸው ምን በወጣቸው! "ወሬውን ተዉትና እጁን እዩት!" ብለው ይጮኻሉ፤ የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙት ጩኸቱ ምኒልክ አደባባይ ድረስ ይሄዳል።

ጥይቱ ከየት ተተኮሰ፣ ደሙ የማን ነው የሚለው ጣጣ የሳቸው አይደለም። እሳቸው ድንኳን እስኪተከል ነው የሚጠብቁት። "ለቅሶ አይዋሽም!" ይላሉ። በሳቸው ሕግ ንፍሮ ሁለቴ የዘገነ ሰው ተጠርጣሪ ነው። ነጠላዋን እንደ ሠርግ አሳምራ የመጣች ግብረ አበር ናት። "በምን ሞተ?" ብሎ ያልጠየቀማ አለቀለት፤ የሚያውቀውን ነገር ለምን ይጠይቃል? የሕጉ ሁሉ አናት ግን ይህ ነው፦ የቤት ሰው ሆኖ ያላለቀሰ፣ እሱ ገደለ። ይህን ብለው ጉልበታቸውን መታ ያደርጋሉ፤ "መዝገቡ ተዘግቷል!"

እንዲህም ሆኖ አንድ ቀን ልክ ሆነው አያውቁም። በንፍሮ የጠረጠሩት ዘበኛ በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ተገድሎ ተገኘ። "ይበለው፤ ግብረ አበሩ ነው የጨረሰው" አሉ። በነጠላዋ የፈረዱባት ሚስት በዚያን ቀን ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር ታወቀ። "አልጋዋ ላይ ሆና አዝዛ ነዋ!" አሉ።

ፊት ለፊት የሚሟገቷቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የሊያ አባት፣ ጋሽ ገብረትንሣኤ። ከማተሚያ ቤት ጡረታ ከወጡ በኋላ ልጃቸው ጸጉር ቤት በር ላይ ባለችው ዝቅተኛ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚውሉት። ሴት ጸጉሯን የምትሠራበት ቤት ውስጥ ዘልቆ መግባት ነውር ነው ብለው አንድ እግራቸው ውጭ፣ አንድ እግራቸው ውስጥ ነበር።

"እስቲ ካስኩን ያንሡትና ያዳምጡ፣ ወይዘሮ አሰፋች!" ይሏቸዋል፣ ጣታቸውን ወደ ካስኩ ቀስረው። "ዳኛ መጀመሪያ ይሰማል።"

"እርስዎስ ሰምተው ምን አገኙ?" ይመልሳሉ እትዬ አሰፋች።

እንደ እውነቱ ጋሽ ገብረትንሣኤም ምንም አላገኙም። ሁለቱም ይሳሳታሉ፣ ሁለቱም አይረቱም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ከዚያ ጋሽ ገብረትንሣኤ ታመሙ። ሊያ ብቸኛ ልጅ ናት፤ እናቷን ካጣች ቆይታለች። ቀን ጸጉር እየሠራች፣ ማታ አባቷን እያገላበጠች ከረመች። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት አረፉ።

ድንኳኑ ሲተከል ሊያ አላለቀሰችም። የዕድሩን ወንበር ተረከበች፣ ውሃ አስቀዳች፣ ከዝዋይ የመጡ ዘመዶች የሚያድሩበትን ፈለገች። አክስቶቿ ደረታቸውን ሲመቱ እሷ "ሣህን አነሰ" ትል ነበር። ቀና ስትል ከድንኳኑ ጥግ ሁለት ዓይኖች ተተክለውባታል፤ የእትዬ አሰፋች ዓይኖች። ሲሰናበቷትም ያለወትሯቸው "እግዜር ያጽናሽ" ብቻ ብለዋት ሄዱ። ያ ሁሉ ወሬ የሚያውቅ አፍ ሁለት ቃል ብቻ ሲናገር፣ ሊያ እንደ ፍርድ ቆጠረችው።

ከዚያ ወዲህ አርባውም ወጣ፣ እንባው ግን አልመጣም። ሊያ መስታወት ባየች ቁጥር "አባቴን አልወደውም ነበር እንዴ?" ትላለች። ማንንም አልጠየቀችም። ቅዳሜ መጥቶ እትዬ አሰፋች ያንን የሕጋቸውን አናት በጮኹ ቁጥር ግን ማበጠሪያዋ ሰው ጸጉር ላይ ይቆማል። አንድ ቀን ፍርዱ በሷ ላይ እንደሚመጣ ትጠብቅ ነበር።

መጣ። ድራማው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ባለ ፋብሪካ ሽማግሌ ታመው ሞቱ፤ ታመው ሲባል ደግሞ መርዝ ተጠረጠረ። ድንኳን ተተከለ። አንዲት ልጃቸው፣ ያስታመመቻቸው፣ ለለቀስተኛው ውሃ ታዞራለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

"እሷ ናት!" አለች ማራናታ፣ ባንክ የምትሠራው ደንበኛ፣ ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቶ ግማሹ እንደተንጨበረረ። "እዩዋት፣ እንባ ጠብ አላላትም! እትዬ አሰፋች፣ ይኸው የእርስዎ ሕግ!"

የሊያ ረዳት ሁዳም "ወላሂ እሷ ናት" አለች። ሁሉም ወደ ካስኩ ዞረ። ሊያ ግን አልዞረችም፤ የማራናታን ጸጉር ጭብጥ አድርጋ ይዛ ወለሉን አየች። አሁን ይሏታል። አሁን "ያላለቀሰ ገደለ" ይላሉ፣ እሷም በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የምትገባበት ይጠፋታል።

እትዬ አሰፋች በገዛ እጃቸው ካስኩን አነሡት። ይህ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

"ይቺ ልጅ አልገደለችም" አሉ፣ በቀስታ።

"እንዴ! ያላለቀሰ…" ማራናታ ጀመረች።

"ዝም በይ እስቲ። እሷ ብታለቅስ ውሃውን ማን ያዞረዋል? ወንድም አላት? እናት አላት? ሰው የሚያለቅሰው የሚደግፈው ሲያገኝ ነው። ደግሞ አባቷ አልጋ ላይ ሳሉ ጓዳ ገብታ ያለቀሰችውን ማን አየላት?" ትንፋሽ ወሰዱ። "ጋሽ ገብረትንሣኤ ያረፉ ለት አንዲት ልጅ ወንበር ስትደረድር አየሁ። ልነሣና ልቀፋት አልኩ። ብነካት ትፈርሳለች ብዬ ፈራሁ፤ ተውኳት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኔም ብሆን ከሳቸው በኋላ ከማን ጋር ልሟገት?"

ሊያ ማበጠሪያውን አስቀምጣ ፎጣ ወደሚታጠብበት ጓዳ ገባች። በሩን ዘጋች፣ የመጀመሪያው ሲቃ ግን ከበሩ ቀድሞ ወጣ።

ሁዳ ልትከተላት ተነሣች።

"ተቀመጪ" አሏት እትዬ አሰፋች። "ይልቅ ካስኩን መልሺና ከፍ አድርጊው፤ ጸጉሬ አልደረቀም።"

ጸጉራቸው ደርቆ ኩበት ሆኗል። ሁዳ ግን ገባት፤ ማድረቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ማድረቂያው አጓራ፣ ሌላ ምንም አልተሰማም። እትዬ አሰፋች የጆሯቸው ጫፍ እስኪቀላ ድረስ ከሥሩ አልወጡም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ "የኋላ በር" አለቀ። ጸጉር ቤቱ ሞልቶ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። መርማሪው ልጅቷን ፊት ለፊቱ አስቀመጣት። "መድኃኒቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ" አለች ልጅቷ፣ ዓይኗ እንደ ደረቀ።

ቤቱ ተናወጠ። ማራናታ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። "እትዬ አሰፋች፣ ጉድዎ ፈላ! በራስዎ ሕግ ቢፈርዱ ኖሮ እኮ ልክ ነበሩ! በዕድሜዎ አንዴ ልክ ሊሆኑ፣ እሱንም አበላሹት!"

ሊያ ያኔ ነው የገባት። እትዬ አሰፋች ያን ሁሉ ቅዳሜ የጠበቋትን አንዲት ድል እጃቸው ላይ ስትደርስ ለሷ ሲሉ ጥለዋታል። ደግሞ ሲጥሏት አላመነቱም።

"ደራሲው ተሳስቷል" አሉ ክብርት ዳኛ፣ ከካስኩ ውስጥ እየጮኹ። "ይሄ ሰውዬ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም! መዝገቡ ተዘግቷል!"

"ራሷ አመነች እኮ፣ እትዬ!" አለች ሁዳ።

"አልሰማሁም!"

ሊያ እጇን በፎጣ ጠረገች። ወደ በሩ ሄዳ፣ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ማንም ያልተቀመጠባትን ዱካ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፤ አንድ እግሯ ውጭ፣ አንድ እግሯ ውስጥ። ያቺን የድራማ ልጅ አልፈራቻትም። ያቺ ሌላ ሰው ናት።

"እስቲ ካስኩን ያንሡትና ያዳምጡ፣ እትዬ አሰፋች" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ልጅቷ ገድላለች። ዳኛ መጀመሪያ ይሰማል።"

እትዬ አሰፋች ይህን ሰሙት። ማድረቂያው እያጓራ እንዴት እንደሰሙት እግዜር ይወቀው። ካስኩን አንሥተው ዱካዋን አዩ፣ ዱካዋ ላይ ያለችውን አዩ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"አንቺስ ሰምተሽ ምን አገኘሽ?" አሏት።