ሁለት ዓምድ ለአንድ ልብ

ሁለት ነገር ሳያወዳድር አንድ የማይገዛ ሰው በየሰፈሩ አለ። በሰሜን ሚኒሶታ ግን የዚህ ወገን ሊቀ መንበር ክቡር ኦሪን ቴግላንድ ነበሩ። የበረዶ አካፋ ለመግዛት ደብተራቸውን መሃል ለመሃል አስምረው የእንጨቱንና የፕላስቲኩን ጥቅም ጉዳት ሲጽፉ በረዶው ቀለጠ። የሚቸኩላቸው ካለ «ቆይ፣ ሌላኛውን ዓምድ አላየንም» ይሉታል።

በክሊኒክ የሕክምና መዝገብ የምትይዘው ታናሽ እህታቸው ማርሊስ በዚህ አባባል መሳቅ የተወችው የኦሪን የልብ ምት ሲዛባ ነው። እንዲህ ያለ ልብ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጓዳ ደም ታረጋለች፤ የረጋው ወደ አንጎል ከወጣ ስትሮክ ነው። እናታቸው የሞቱት በዚሁ ነው። ኦሪን ለዘጠኝ ዓመት ደም ማቅጠኛ ክኒን ዋጡ። ማርሊስ በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ትደውላለች።

«ዋጥክ?»

«ዋጥኩ።»

ትመዘግባለች።

በዘጠነኛው ዓመት ጨጓራቸው ሁለት ጊዜ ደማ። የልብ ሐኪማቸው ሌላ መንገድ አቀረበችላቸው፤ በጭን ደም ሥር ገብቶ ያችን ጓዳ የሚደፍን መሣሪያ። እስከ ዓርብ እንዲወስኑ ነገረቻቸው። ኦሪን ደብተሩን አወጡ።

«ክኒኑ መላ አካሌን ይጠብቃል። መሣሪያው አንዷን ጓዳ ብቻ።»

«ክኒኑ እያደማህ ነው እኮ፣ ኦሪን!»

«መሣሪያውም ሲገባ ልብ ሊበሳ ይችላል። ቆይ፣ ሌላኛውን ዓምድ...»

«አካፋ አይደለም! በዓምድህ መሃል ትሞትብኛለህ!»

ዓርብ ጠዋት ዐሥራ አንድ ገጽ ሞልቶ ነበር። ማርሊስ ደብተሩን ነጥቃ አነበበች። በክኒኑ ዓምድ የመጨረሻው መስመር «ማርሊስ በየቀኑ ትደውላለች» ይላል። በመሣሪያው በኩል ትይዩው ባዶ ነው። እስክሪብቶ አንስታ በባዶው ላይ «ትደውላለች» ብላ ጻፈች። ኦሪን መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ ሐኪማቸው የሰጠቻቸውን የፈቃድ ወረቀት ፈረሙ።

መሣሪያው ገባ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክኒኑ ቆመ። በማግስቱ ማርሊስ ለመደወል ስልኩን ሳታነሳ እሳቸው ደውለው ቀደሟት።

«አልዋጥኩም።»

«አትዋጥ ተብለሃል እኮ!»

«አውቃለሁ። መዝግቢው።»

ሦስት ዓመት እንዲሁ ሆነ። ሳይደወል ያለፉት ሁለት ቀናት ብቻ ናቸው፤ በረዶ የስልክ መስመሩን የበጠሰባቸው። ሁለቱም ተመዝግበዋል።

ባለፈው ሚያዝያ ኦሪንን የሳንባ ምች ወሰዳቸው። ክሊኒኩ የሕክምና መዝገባቸውን የሚዘጋበትን ቅጽ ሌላ ሰው እንዲሞላ ማርሊስ አልፈቀደችም። «ደም ማቅጠኛ» ከሚለው ትይዩ «አይወስድም» ብላ ሞላች። «ማስረጃ» የሚለውን መስመር ብዙ ሰው ባዶ ይተወዋል። ማርሊስ ግን በጥንቃቄ ጻፈችበት፦

«በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ራሱ ነግሮኛል።»