አንድ ፈቃድ ለሰፈሩ ሁሉ

(ዡዋዜይሮ ከተማ፣ የተሳላሚዎች ሳምንት መጨረሻ፣ ረፋድ ላይ። የፎቶ ቤት የውስጥ ክፍል። ቤቱ በፎቶ ላይ ሙታንን ኮት እያለበሰ፣ የጨፈኑትን ዓይን እየገለጠ፣ በሕይወት ሳሉ አብረው ፎቶ ያልተነሡ ባልና ሚስቶችን ጎን ለጎን እያቆመ የሚኖር ነው። ክፍሉን መጋረጃ ይከፍለዋል፤ ከመጋረጃው ፊት የባለቤቱ የኦታሲሊዮ ኮምፒውተር፣ ከመጋረጃው ኋላ የሚስቱ ወንድም የጄኔዚዮ። ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር፣ ሚስማሩ ላይ አንድ ጥቁር ኮት። ከኮቱ አጠገብ ፀጉሩ የተከመረ፣ አገጩ የሾለ የኦታሲሊዮ ፎቶ ተሰቅሏል። ከፎቶው ሥር የተቀመጠው ኦታሲሊዮ ግን መላጣ ነው።)

ኦታሲሊዮ፦ ዝጋ!

ጄኔዚዮ፦ አንተ ዝጋ!

ኦታሲሊዮ፦ ክራባቱን አስሬ ሳልጨርስ እኮ ነው ፕሮግራሙ ያባረረኝ! ሰውዬው በበሽታ ሳይሆን በኔ ታንቆ የሞተ መሰለ!

ጄኔዚዮ፦ እኔስ? አንዱን ዓይን ከፍቼ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ተዘጋብኝ። አሁን እየጠቀሰኝ ነው።

ኦታሲሊዮ፦ ሟች አይጠቅስም።

ጄኔዚዮ፦ ይሄኛው ይጠቅሳል፣ ጋሼ። እንዲህ አድርገን ብንሰጣቸው ሚስቱ ዶና ዙልሚራ አገራቸው እስኪገቡ ድረስ «ማንን ነው የሚጠቅሰው?» ሲሉ ነው በቅናት የሚያልቁት።

ኦታሲሊዮ፦ ከአንገት በታች የኔ፣ ከአንገት በላይ ያንተ ብለን ተከፋፍለናል። ሥራ ነው፤ ተራህን ጠብቅ!

ጄኔዚዮ፦ ተራዬ መቼ ነው?

ኦታሲሊዮ፦ እኔ ስጨርስ።

ጄኔዚዮ፦ አንተ መቼ ትጨርሳለህ?

ኦታሲሊዮ፦ አንተ ስትዘጋ! ስንት ጊዜ ላስረዳህ? ፕሮግራሙን በፈለግነው ኮምፒውተር ላይ መጫን እንችላለን። የገዛነው ፈቃድ ግን አንድ ነው። አንዱ ላይ ሲከፈት ሌላው ላይ ይዘጋል። አለቀ።

ጄኔዚዮ፦ ታዲያ ለምን ባንዱ ላይ አብረን አንሠራም? ና፣ ከኔ ጋ ተቀመጥ።

ኦታሲሊዮ፦ ባለቤት ከመጋረጃ ኋላ አይቀመጥም።

ጄኔዚዮ፦ እሺ እኔ ልምጣ።

ኦታሲሊዮ፦ ሠራተኛ ከመጋረጃ ፊት አይቀመጥም።

ጄኔዚዮ፦ መጋረጃው ላይ እንቀመጥ?

ኦታሲሊዮ፦ (በረጅሙ ይተነፍሳል) ያንን ኮት ተመልከተው። ስንት ሰው ለብሶታል?

ጄኔዚዮ፦ ያልለበሰው ማነው? ነፍሱን ይማርና አባቴ ለብሶታል። አንተም እህቴን ስታገባ እሱኑ ለብሰህ ነው፤ ከኋላ የተቀደደ ስለሆነ ቄሱ እስኪወጡ ድረስ ግድግዳ ተደግፈህ ቆመሃል።

ኦታሲሊዮ፦ ከኋላ የተቀደደው ወፍራም ሰው እንዲገባበት ነው! ሙያ ነው! አሁን ንገረኝ፤ ባንድ ጊዜ ሁለት ሰው ለብሶት ያውቃል?

ጄኔዚዮ፦ አዎ።

ኦታሲሊዮ፦ እንዴት አዎ!

ጄኔዚዮ፦ የአክስቴን ሳሎን ሄደህ እይ። አጎቴ፣ ወንዶች ልጆቹ፣ አማቹ፣ ሁሉም ባንድ ግድግዳ ባንድ ኮት ተደርድረዋል። ያቺ የወለቀች ቁልፍ እንኳ ከሁሉም ላይ ወልቃለች።

ኦታሲሊዮ፦ እሱ ፎቶ ነው!

ጄኔዚዮ፦ ይሄስ የፎቶ ፕሮግራም አይደል?

ኦታሲሊዮ፦ (ግንባሩን ይመታል) እህትህን ምን ብዬ አገባኋት! ይልቅ ውጣና አሮጊቷን እይልኝ።

(ጄኔዚዮ ወደ በረንዳው ይወጣል። ዶና ዙልሚራ ጥቁር ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አግዳሚው ላይ ራፓዱራ ስኳራቸውን ይቆረጥማሉ። ጎትተው ጆሮው ላይ ያንሾካሹኩበታል። ይመለሳል።)

ጄኔዚዮ፦ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘምሩ ድምፃቸው ጠፍቷል። የመንደራቸው መኪና እኩለ ቀን ላይ ይነሣል፤ አይጠብቅም። ባሌን ፍራንሴሊኖን ሳልይዝ አልሄድም ይላሉ። ከሬሳ ሣጥኑ ፎቶ በቀር ሌላ ምስል የለውም።

ኦታሲሊዮ፦ ካልደረሰ በሚቀጥለው ዓመት ሲመጡ ይወስዱታላ።

ጄኔዚዮ፦ እሱንም ብያቸው ነበር። «በሚቀጥለው ዓመት እኔን ራሴን ነው ኮት የምታለብሱኝ» አሉኝ።

ኦታሲሊዮ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ይደርሳል በላቸው።

ጄኔዚዮ፦ ሌላም አሉ። ግራ ጆሮውን እንዳትነኩብኝ አሉ።

ኦታሲሊዮ፦ ያቺን ግማሽ ጆሮ? አስተካክላት አላልኩህም?

ጄኔዚዮ፦ በቅሎ ነክሳው ነው። እሳቸውን ሊጠይቅ ሽማግሌ ይዞ የመጣ ቀን። «ዓይኔ ደክሟል፤ ያለዚያች ጆሮ በምን አውቀዋለሁ?» ነው የሚሉት።

ኦታሲሊዮ፦ ስማ ጄኔዚዮ። እኔ በዚህ ሙያ ተምሬ የተመሰከረልኝ ሰው ነኝ። ሰው እዚህ ቤት የሚመጣው ሊታወቅ አይደለም፤ ለመታወቅማ መስታወት ይበቃዋል። ሰው የሚመጣው ሊያምር ነው። (ወደ ግድግዳው ያመለክታል) ይሄ ማነው?

ጄኔዚዮ፦ አላውቀውም።

ኦታሲሊዮ፦ እኔ ነኝ!

ጄኔዚዮ፦ ስምህ ከሥሩ ስለተጻፈ እሱንስ ጠርጥሬያለሁ። ፀጉሩን ግን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ።

ኦታሲሊዮ፦ ፀጉር ሁሉ ይመሳሰላል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ካስቀመጥኳቸው ፀጉሮች መርጬ ነው። ልብ በል፤ ፈቃዱን ስገዛ ድርጅቱ የባለቤቱን መልክ ላክ ሲለኝ የላክሁት ይሄንኑ ነው። ያኔ ማዶ ሆነው ሲያዩት ምን ያሉ ይመስልሃል?

ጄኔዚዮ፦ ፀጉሩን የሆነ ቦታ እናውቀዋለን።

ኦታሲሊዮ፦ ዝም በል! በቃ ያንተን ዝጋው፤ ጭንቅላቱንም እኔው እጨርሰዋለሁ። ዘጋህ?

ጄኔዚዮ፦ ዘጋሁ።

ኦታሲሊዮ፦ (ይጫናል፣ ያነባል) «ፈቃድዎ በሌላ ኮምፒውተር ላይ በሥራ ላይ ነው።» ዝጋ አልኩህ!

ጄኔዚዮ፦ (የተነቀለ ገመድ ከመጋረጃው በላይ ያወዛውዛል) ከዚህ በላይ እንዴት ይዘጋል?

(ኦታሲሊዮ ወደ ገመዱ ቀና ብሎ ያያል።)

ኦታሲሊዮ፦ ጄኔዚዮ።

ጄኔዚዮ፦ አቤት ጋሼ።

ኦታሲሊዮ፦ የይለፍ ቃሉን ለማን ሰጠህ?

ጄኔዚዮ፦ ለማንም! ለቤተሰብ ብቻ። አንተ አይደለህ እንዴ «ይሄ ፈቃድ የቤተሰብ ነው፣ ከቤተሰብ እንዳይወጣ» ያልከኝ?

ኦታሲሊዮ፦ ቤተሰብ ማለት እኔና አንተ ነን!

ጄኔዚዮ፦ አበልጅስ?

ኦታሲሊዮ፦ (ወንበሩን ጨብጦ) የትኛው አበልጅ?

ጄኔዚዮ፦ ደወል ደዋዩ አኒዚዮ። ለበዓሉ በሚለጠፈው ፎቶ ላይ የቄሱን ሆድ እየቀነሰ ነው።

ኦታሲሊዮ፦ ሌላስ?

ጄኔዚዮ፦ ዳቦ ጋጋሪዋ ሊንዳልቫ። የኬኮቿን ፎቶ ታሳብጣለች። አንዱ ይቀንሳል፣ አንዷ ትጨምራለች፤ ፕሮግራሙ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።

ኦታሲሊዮ፦ ሂድ! ሁለቱንም አሁኑኑ አዘጋቸው!

(ጄኔዚዮ በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከዚያ ወደ ዳቦ ቤቱ ይጮኻል። ከሁለቱም በኩል መልስ ይሰማል። ይመለሳል።)

ጄኔዚዮ፦ ዘግተዋል። ቄሱ ግን ግማሽ ሆድ ላይ ቀርተዋል፤ ቶሎ በሉ ይላል አኒዚዮ።

ኦታሲሊዮ፦ (ይጫናል) አሁንም «በሥራ ላይ ነው»! ማነው የቀረው?

ጄኔዚዮ፦ እንዳትቆጣ።

ኦታሲሊዮ፦ አልቆጣም።

ጄኔዚዮ፦ በእህቴ ማልልኝ።

ኦታሲሊዮ፦ በእህትህ ምዬማ ስንቴ ተቆጥቻለሁ። ተናገር!

ጄኔዚዮ፦ ቤላርሚኖ።

ኦታሲሊዮ፦ የትኛው… (ይነሣል) ፊት ለፊታችን ፎቶ ቤት ያለው? ደንበኛ ከበራችን ላይ እጁን ይዞ የሚጎትተው? ለሟቹ ሁሉ ሰማያዊ ዓይን የሚያወጣለት ቤላርሚኖ?

ጄኔዚዮ፦ አበልጄ ነዋ! በሰኔ የቅዱስ ዮሐንስ እሳት ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ዘለናል፤ እሳቱን አብሮ የዘለለ ደግሞ አበልጅ ነው።

ኦታሲሊዮ፦ ሰክራችሁ ነበር!

ጄኔዚዮ፦ እሳቱ ግን አልሰከረም።

ኦታሲሊዮ፦ በኔው ፈቃድ፣ በኔው ፕሮግራም፣ የኔን ደንበኛ! ሄደህ ዝጋ በለው!

ጄኔዚዮ፦ የለም። ሱቁን ቆልፎ ሄዷል። ሰልፉ ላይ የቅዱሱን ሐውልት ተሸክሟል። ኮምፒውተሩን ሳያጠፋው ነው የወጣው፤ በመስኮቱ ብርሃኑ ይታየኛል።

(ከሩቅ የመኪና ጥሩንባ። በረንዳው ላይ አግዳሚው ይንቋቋል፤ ዶና ዙልሚራ ተነሥተው ተመልሰው ይቀመጣሉ።)

ኦታሲሊዮ፦ (ቀስ ብሎ ፈገግ ይላል) አሁን የተማረና ያልተማረ ይለያል። እዚህ ታች ያለችውን ቁልፍ አየሃት? «ከሌሎች ኮምፒውተሮች ሁሉ አስወጣ» ትላለች። ለባለቤት ብቻ ናት። አንድ ጊዜ ስጫናት አበልጆችህ ሁሉ ሜዳ ላይ! (ይጫናል፣ ያነባል) «ባለቤትነትዎን ለማረጋገጥ ወደ ካሜራው ይመልከቱና ዓይንዎን ያርገብግቡ።» ይሄማ ቀላል ነው። ወደዚያ ሁን፣ እንዳታሳስተው። (ይቀመጣል፤ ያርገበግባል)

ጄኔዚዮ፦ ምን አለ?

ኦታሲሊዮ፦ «መልክዎ ከተመዘገበው ባለቤት ጋር አይመሳሰልም።»

ጄኔዚዮ፦ እኔም ይህንኑ ነው ያልኩህ።

ኦታሲሊዮ፦ መብራቱ ነው። ኮቱን አምጣ! ፎቶው ላይ ኮት ለብሻለሁ።

(ጄኔዚዮ ኮቱን ከሚስማሩ አውርዶ ያለብሰዋል። ኦታሲሊዮ ዓይኑን ያርገበግባል።)

ኦታሲሊዮ፦ «አይመሳሰልም። አንድ ሙከራ ይቀርዎታል፤ ከዚያ በኋላ ፈቃድዎ ይታገዳል።»

ጄኔዚዮ፦ ጋሼ፣ ችግሩ ከኮት በላይ ነው።

ኦታሲሊዮ፦ (ራሱን ይዳስሳል) የጫማ ቀለም አለን?

ጄኔዚዮ፦ ጥቁር ነው ያለው።

ኦታሲሊዮ፦ ቀባኝ! ከግንባሬ ጀምር፤ ወደ ኋላ አሳምረው። ጎኑን ወፈር አድርገው!

ጄኔዚዮ፦ (እየቀባ) ያብረቀርቃል።

ኦታሲሊዮ፦ ፀጉር ያብረቀርቃል!

ጄኔዚዮ፦ እንደዚህ ሳይሆን። እንደዚህ የሚያብረቀርቀው ጫማ ነው።

ኦታሲሊዮ፦ ሙቀቱ… ኧረ እየወረደ ነው… ዓይኔ! ዓይኔ ገባ! አቃጠለኝ! ጨርቅ አምጣ!

(ዓይኑን ጨፍኖ ይንፈራገጣል። ጄኔዚዮ ጨርቅ ይዞ ሮጦ ፊቱ ይቆማል፤ ካሜራውን በጀርባው ጋርዶታል። ኦታሲሊዮን ሊጠርግ ሲል ጨርቁ ከእጁ ይወድቃል፤ ሲያነሣው ፊቱ ወደ ኮምፒውተሩ ይዞራል። ብርሃኑ ያጭበረብረውና ዓይኑን ያርገበግባል። ኮምፒውተሩ ደስ የሚል ድምፅ ያሰማል።)

ጄኔዚዮ፦ (ያነባል) «እንኳን ደህና መጡ፣ ኦታሲሊዮ።»

ኦታሲሊዮ፦ (እንደ ጨፈነ እጁን ያነሣል) አየህ! አወቀኝ! የጫማ ቀለምም ቢሆን በባለሙያ ሲታዘዝ እንዲህ ነው! ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ አወቀኝ!

ጄኔዚዮ፦ ጋሼ።

ኦታሲሊዮ፦ ማነው መላጣ የሚለኝ አሁን?

ጄኔዚዮ፦ ጋሼ፣ ካሜራው ፊት ያለሁት እኔ ነኝ።

(ጄኔዚዮ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ያያል፤ በእጁ የገዛ ፀጉሩን፣ ቀጥሎ አገጩን ይነካል።)

ጄኔዚዮ፦ መብራት በሞከርክ ቁጥር «ና እዚህ ተቀመጥ» እያልክ ፎቶ ታነሣኝ የነበረው… አባቴ የሞተ ሰሞን… ፀጉሩ የኔ ነው!

ኦታሲሊዮ፦ ፀጉር ብቻ ነው።

ጄኔዚዮ፦ አገጩስ?

ኦታሲሊዮ፦ ከፀጉሩ ጋር አብሮ መጣ።

ጄኔዚዮ፦ ግንባሩ? ዓይኖቹ?

ኦታሲሊዮ፦ መሃል ላይ መቁረጥ ያስቸግር ነበር!

ጄኔዚዮ፦ ታዲያ ያንተ የትኛው ነው?

ኦታሲሊዮ፦ (በጣም ቀስ ብሎ) ስሙ።

(ጥሩንባው አሁን ቀርቦ ይጮኻል። ጄኔዚዮ ኦታሲሊዮን ከነወንበሩ ወደ ጎን ገፍቶ፣ ሌላ ወንበር ስቦ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል።)

ኦታሲሊዮ፦ ሠራተኛ ከመጋረጃ ፊት አይቀመጥም!

ጄኔዚዮ፦ አልተቀመጠም። ባለቤቱ ነው የተቀመጠው፤ ካላመንክ ካሜራውን ጠይቀው። (ይጫናል) አበልጆቼ ሆይ ይቅር በሉኝ፤ ሁሉም ወጣ። ክራባቱን ላላ አደረግሁለት። ሁለተኛውንም ዓይን ከፈትሁ… አሁን መጥቀሱን ተወ። ሚስቱን አጠገቡ አቆምኋት። ጋሼ፣ ጆሮውን ምን ላድርገው?

ኦታሲሊዮ፦ (ዓይኑ እንደ ተጨፈነ፣ ቀለሙ በጉንጩ እየወረደ) በቅሎዋ ያስቀረችለትን ያህል መልስለት።

(ማተሚያው ያንጓጓል። ጄኔዚዮ ምስሉን ይዞ ይወጣል። ኦታሲሊዮ ኮቱን እንደ ለበሰ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ብቻውን ይቀመጣል። ጄኔዚዮ ይመለሳል፤ ከኋላው ዶና ዙልሚራ ምስሉን ደረታቸው ላይ አቅፈው በመጋረጃው ያጮልቃሉ።)

ኦታሲሊዮ፦ (በሹክሹክታ) አወቁት?

ጄኔዚዮ፦ መነጽር ሳያወጡ። ጆሮዋን ሳሟት፤ በቅሎዋን ረገሟት። አልቅሰውም ነበር መሰለኝ፣ ድምፅ ስለሌላቸው አልሰማሁም።

(ዶና ዙልሚራ የጄኔዚዮን እጅጌ ይጎትታሉ፤ ወደ ኦታሲሊዮ እያዩ ጆሮው ላይ ያንሾካሹካሉ። አማትበው ወደ መኪናው ይሄዳሉ።)

ኦታሲሊዮ፦ ምን አሉ? ስለ ሥራው ነው? ስለ እኔ ነው?

ጄኔዚዮ፦ ስለ አንተ ነው።

ኦታሲሊዮ፦ (ኮቱን ያስተካክላል) ንገረኝ እንጂ!

ጄኔዚዮ፦ «ነፍሱን ይማር፤ ኮቱ ልክ ሆኖለታል። ዓይኑን ግን ክፈቱለት» አሉ።