ድንኳን የማይተከልበት መንደር

የሩቅ አገር የወንጀል ልብወለድ የሚያነብ ሰው ታውቃላችሁ? ደም የሚፈስበትን ማለቴ አይደለም። በአንዲት ትንሽ መንደር ዝናብ የሚያካፋበት፣ አንዲት ጡረተኛ ሴትዮ አበባዋን እያጠጣች ገዳዩን የምትደርስበትን ነው። እኔ ከነዚህ አንባቢዎች አንዷ ነኝ። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስንወጣ በታክሲው መስኮት የሚታየኝ የሱቁ መደዳ ሳይሆን የዚያ መንደር ጭጋግ ነው፤ እንደ ጋቢ ይደረብልኛል።

ባለፈው እሑድ ከነዚህ ልብወለዶች የአንዱን ታሪክ ለጎረቤቴ ለእትዬ በላይነሽ ተረክሁላቸው። ቤታቸው ሊፈርስ ስለሆነ፣ ከከተማው ዳር ወደተሰጣቸው ኮንዶሚኒየም ለመሄድ ዕቃ እያሰሩ ነበር።

«ሰውየው ሞቶ እነሱ ሻይ ይጠጣሉ?» አሉ ደንግጠው። «ድንኳኑስ? ዕድርተኛው የት ሄዶ ነው?»

«ዕድር የላቸውም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሁሉም ናቸው የገደሉት!»

ምርመራው እዚያው ተዘጋ። እሳቸው ግን በጋዜጣ የጠቀለሉትን ብርጭቆ እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ፣ እኔስ እዚያ ኮንዶሚኒየም ሄጄ ብሞት ማን ይሰማል?»

ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የማፍረዋ ልጅ፣ «በየእሑዱ እየመጣሁ አነብልዎታለሁ!» ብዬ ጮኽሁ።

ብርጭቆውን ካርቶን ውስጥ አስቀመጡና፣ «ታዲያ ሰው ሲሞት የሚያለቅሱበትን መጽሐፍ ይዘሽ ነይ» አሉኝ።