ሐሚድና የካርታው ሶፍትዌር

ሁሉን የሚጠረጥር ባልደረባ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ አሶሳ ያለው ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ አለን፤ የባዮሎጂው መምህር ሐሚድ።

ሰሞኑን ተማሪዎች የትምህርቱን ሐሳቦች በመስመር እያገናኙ ካርታ የሚሠሩበት ሶፍትዌር እንድንመርጥ ታዘዝን። የመጀመሪያውን ስንከፍተው «ያሉበትን ቦታ እንዳውቅ ይፈቅዳሉ?» አለ። ሐሚድ ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

«ወላሂ፣ ስለ ቅጠል ለማስተማር የኔ ቤት ምን ያደርግለታል?»

ሳቅን። እሱ ግን ቀጠለ።

«ከጾሬ የስደተኞች ካምፕ የሚመጡት ልጆችስ? ከጦርነት ሸሽተው ነው የመጡት። የት እንዳሉ ለማን ነው የምንናገረው?»

ሳቃችን ቆመ። ርዕሰ መምህሩ እንኳን አቀረቀሩ። በመጨረሻ መልኩ የማያምር፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ስም እንኳን የማይጠይቅ አግኝተን ተስማማን። እፎይ ብለን ልንነሳ ስንል ሐሚድ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ቆይ እስቲ፤ ይሄኛውስ ምንም የማይጠይቀው ለምንድን ነው?»