አሥራ አራት ጅብ ዓይን ውስጥ አይገባም

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ሌላ ሰው አይቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጠዋት ደጁ ላይ ድንኳን ይተከል ነበር። እኔ ስለሆንኩ ነው ተርፌ የማወራችሁ።

ሕልሙን ያመጣብኝ የእህቴ ልጅ የፌቨን ጨዋታ ነው። ፌቨን ሦስት ዓመት ሙሉ ከክፍሏ ሳትወጣ የኮምፒውተር ጨዋታ ስትሠራ ኖረች፤ የሚያስፈራ ጨዋታ፣ ስሙም «እኔ ነኝ»። አንዲት ሴት ብቻዋን ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። በር ይንኳኳል። «ማነው?» ትላለች። ከውጭ «እኔ ነኝ» ይላል። መቼስ አገራችን ውስጥ በር አንኳኩቶ ስሙን የሚናገር ሰው የለም፤ ሁሉም «እኔ ነኝ» ነው። ትከፍታለች ወይስ አትከፍትም? ጨዋታው ይኸው ነው።

እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች የሚሸጡበት የኢንተርኔት ገበያ አለ፤ እዚያ የሚለጠፈውን የሽፋን ሥዕል እንድስልላት ለመነችኝ። ታዲያ ማንን ትለምን? በአዳማ ከተማ የእኔን ታፔላ አይቶ ፍሬን ያልያዘ ሹፌር የለም። የሥጋ ቤት በሬ ስስል ዝንብ ይሰፍርበታል። አንድ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ታፔላ ሠርቼ ሦስት መንገደኛ ቆሞ ሲያይ ጥርሱ በራሱ ወልቋል። ውሸት ከሆነ ከተቀመጥኩበት አያንሳኝ።

ሳልኩላት። አሥራ አራት ጅብ፣ ሁለት ጨረቃ፣ የተከፈተ መቃብር፣ መብረቅ፣ አንድ ባልዲ ደም። የጨዋታውን ስም በአሥራ አንድ ቀለም ጻፍኩት።

«ጋሼ፣ ጨዋታው ውስጥ ጅብ የለም እኮ» አለች።

«አስገቢበታ!»

«ገበያው ላይ ሥዕሉ የሚታየው የአውራ ጣት ጥፍር አክሎ ነው። ሰው ዓይኑን ጣል አድርጎ ያልፋል። በመጀመሪያው ቀን ቆም ብሎ የሚያየው ካልተገኘ በቃ፣ ሦስት ዓመቴ እዚያው ተቀበረ። አንድ ነገር ብቻ ሳልልኝ፤ አንድ የሚያስፈራ ነገር።»

«አንድ ነገር ለጀማሪ ነው የኔ ልጅ። ዋናው ሥዕሉ ዓይነ ግቡ መሆኑ ነው።»

የሚለጠፍበት ሰዓት ደርሶባት ስለነበር ከንፈሯን ነክሳ ፎቶ አነሳችውና ላከችው። እኔም ደረቴን ነፍቼ ተኛሁ።

በሕልሜ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ቆሜያለሁ። ቀትር ነው፤ ፀሐዩ ግን የሚመጣው ከወለሉ ነበር። መደርደሪያዎቹ ላይ የተደረደሩት ሰዎች ናቸው። ገዢዎች! እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ሳይተነፍሱ ተቀምጠዋል። በመሃል ወዲያ ወዲህ እያሉ የሚገበያዩት ደግሞ ሥዕሎቹ ነበሩ። አንዱን ሰው ያነሱታል፣ አገጩን ይዘው ያገላብጡታል፣ ይመልሱታል። የሰዎቹ ዓይን በር ነው። የዓይኑ ቆብ ሲገለጥ አንድ ሥዕል ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ቆቡ ይዘጋል፤ ሰውየው ከመደርደሪያው ወርዶ አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የእኔ ሥዕል ባለ አንድ ፎቅ ቤት አክሎ አጠገቤ ቆሟል። ከወገቤ ጋር በገመድ ታስሯል።

የኖራ ባልዲ የያዘ ሰው መጣ። ፊት አልነበረውም፤ ፊቱ ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ ልሙጥ ነጭ ነገር ነበር።

«ጌታው፣ ዓይነ ግቡ ሥዕል አለኝ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ! በምሥራቅ አፍሪካ ከእኔ ወዲያ...»

«እንግዲያው ይግባ።»

«የት?»

«ዓይን ውስጥ ነዋ። እዚህ ቃል ከተባለ ተባለ ነው። ደወል እስኪደወል ዓይን ውስጥ ያልገባ ሥዕል በኖራ ይቀባል።»

«ሠዓሊውስ?»

«መጀመሪያ እሱ ነው የሚቀባው።»

ወዲያው ባለ ባልዲዎቹ ደወሉ ቀድሞ የተደወለበትን አንድ ወፍራም ሠዓሊ ከጎኔ ያዙ። ብሩሹ ከእግሩ ጀመረ። ብሩሽ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ግድግዳ ሆነ፤ ጉልበቱ፣ ሆዱ፣ ደረቱ። ሰውየው «ቆይ፣ ይሄ ገና ንድፍ ነው፣ ዋናውን አላያችሁትም...» እያለ ሲያስረዳ አፉ ላይ ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ዝም ያለ፣ ንጹሕ ግድግዳ ብቻ ነበር። አንዱ መጥቶ ምስማር መታበትና ኮቱን ሰቀለ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ሮጥኩ።

መነጽር ያደረገ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ደረስኩና ሥዕሌን በትከሻዬ ገፋሁት። አንደኛው ጨረቃ ሽፋሽፍቱ ላይ ተሰነቀረ። የዓይኑ ቆብ ተናገረ፦

«ምንድን ነው እሱ? ምስር ነው?»

«ጅብ ነው! አሥራ አራት ጅብ!»

«ከዚህ ሲታይ ምስር ነው።» ጥርቅም አለ።

«ይህን እጅ አታውቁትም!» ብዬ ፎከርኩ። በፎከርኩ ቁጥር ሥዕሉ በአንድ ክንድ ያድግ ጀመር። ጅቦቹ አሥራ አምስት ሆኑ፤ መቃብሩም ወለደ። ገመዱ ወገቤን ቆረጠኝ። ከኋላዬ የባልዲው እጀታ ሲንቋቋ ይሰማኛል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም።

በእግሬ ሥር አንዲት ክብሪት ሳጥን የምታክል ሥዕል አለፈች። ደረጃ ላይ የተቀመጠ የአንድ እግር ጫማ ናት፤ ሌላ ምንም የላትም። ሦስት ሰው ዓይኑን ከፍቶ «በእኔ ግቢ፣ በእኔ ግቢ» ይላታል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ይዘሽ ነው?» አልኳት።

«ጫማ።»

«ጫማ ብቻ? የማን ነው?»

«እሱን ሊጠይቁ ነው እኮ የሚያስገቡኝ፣ አባባ» ብላ ገባች።

በዚህ መሃል ትልቁ ጅብ ከሥዕሉ አንገቱን አውጥቶ ኮቴን ጎተተኝ። እንባው ይወርዳል።

«ጋሽዬ፣ እባክዎ እኛን ያውርዱን። እዚህ ያስፈራል።»

«ጅብ አይደለህም እንዴ?»

«ጅብ ነኝ አልኩ እንጂ ደፋር ነኝ መቼ አልኩ? ጨዋታው ውስጥ ቤት የለን፣ ሥራ የለን፤ ለምን እንደመጣን እንኳን አናውቅም።»

ደወሉ መደወል ጀመረ። አንድ፣ ሁለት እያለ። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ «ውረዱ!» አልኩ። አንዱ የሌላውን ጭራ ይዞ ወረዱ፤ የመጨረሻው የደሙን ባልዲ አንጠልጥሎ «ቲማቲም ነው፣ ለወጥ ይሆነናል» እያለ ሄደ። ጨረቃዎቹን በጥርሴ ነቀልኩ። መብረቁን፣ መቃብሩን፣ አሥራ አንዱን ቀለም በጥፍሬ ፋቅኩ። ሥዕሉ እያነሰ እያነሰ መዳፌ ላይ ገባ።

ከሥሩ የተረፈው አንድ የተዘጋ የቆርቆሮ በር ነበር፤ መጀመሪያ ሥዬ፣ ቀላል መስሎኝ፣ በጅብ የሸፈንኩት። ከበሩ ሥር ቀጭን ብርሃን ይወጣል። ብርሃኑ መሃል የሁለት እግር ጥላ ቆሟል።

እግሮቹን እኔ አልሳልኳቸውም።

ፊት የሌለው ሰው ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከረ። ቅዝቃዜው ተረከዜን ነካኝ፤ ተረከዜም ግድግዳ ሆነ። ያን ጊዜ መደርደሪያው ላይ ያለች አንዲት ሴት ዓይኗን ገለጠች። ሥዕሉ ከእጄ አምልጦ ገባ። ገመዱ ጎተተኝና እኔም ተከትዬው ገባሁ፤ ቆቡ ከኋላዬ ተዘጋ።

ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከበሩ ፊት ቆሜያለሁ፤ ሌላ መሄጃ የለም። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ። የራሴ ድምፅ ነው።

ማን እንደሆንኩ በሙሉ ማዕረጌ ልናገር ነበር፤ ታደገኝ፣ የአዳማው፣ ብሩሽ የሚንቀጠቀጥለት! ከአፌ የወጣው ግን «እኔ ነኝ» ብቻ ሆነ።

ከዚያ በቀስታ፣ እንደሚያዝንልኝ ሆኖ፣

«እኔማ እዚህ ውስጥ ነኝ» አለ። «አንተ ማነህ?»

መቀርቀሪያው መንቀሳቀስ ጀመረ። በሩን በሁለት እጄ ይዤ ከውጭ ወደ ውስጥ ገፋሁ፣ እንዳይከፈት ገፋሁ፣ እየጮህኩ ገፋሁ፤

ለካ የምገፋው የአልጋዬን ራስጌ ነው። ነግቷል። ፌቨን ኮምፒውተሯን ታቅፋ ከላዬ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ሥዕሉ ላይ ስልክ ቁጥርህን ጽፈህበታል?»

«ስልኩን የማይጽፍ የታፔላ ሠዓሊ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከታች፣ በነጭ፣ ከዳር እስከ ዳር።»

ኮምፒውተሯን አዞረችልኝ። በጥፍር ልክ የተቀመጠው ሥዕል ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ጅብ አይታይም፣ ስም አይነበብም። ጨለማ ነው፤ ጨለማው ሥር ስልኬ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አለቀልን?» አልኩ።

«አላለቀልንም። ሰው ቁጥሩን እያየ ይቆማል፤ ‹ቢደወል ማን ያነሳል?› እየተባባለ ይገዛል። የጨዋታው አካል መስሏቸዋል። አሁን ቁጥሩን ብናጠፋው ገዢው ሁሉ ይሄዳል።»

«አላልኩሽም! በዓለም ላይ እንደ እኔ ያለ...»

«ጋሼ፣ ስልክህን እየው።»

ድምፁን አጥፍቼ ነበር የተኛሁት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ያልተመለሰ ጥሪ። እያየሁት እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ።

«አንሳው» አለች ፌቨን፣ ክንዴን ይዛ። «ተስፋዬ አንተ ነህ።»

አንበሳ የሚያስበረግገውን ድምፄን አዘጋጅቼ አነሳሁት። ከእኔ ቀድማ አንዲት የማላውቃት ሴት በሹክሹክታ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣

«ጌታዬ፣ ‹እኔ ነኝ› ሲለኝ ከፈትኩለት» አለችኝ። «አሁን እዚህ ቤት ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?»