«ይባላል» ያስያዘው አስጎብኚ

ትናንት አስጎብኚው ስንሻው በሕልሙ ያየውን ጉድ ስሙኝማ!

መጀመሪያ ግን ሰውዬውን እወቁት። ስንሻው ከመንደሩ በላይ ያለውን የጥንት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ለእንግዳ ያስጎበኛል። ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል አለችው። «እዚህ ንጉሡ ግብር አብልቷል ይባላል። እዚያ ንግሥቲቱ አልቅሳለች ይባላል።» ወሬ ሲያልቅበት ደግሞ እንግዶቹን ወደ ገዛ ግቢው ይወስድና ላሙ ቦራ ውሃ የምትጠጣበትን የድንጋይ ገንዳ ያሳያቸዋል። «ንግሥቲቱ እግሯን የታጠበችበት ነው ይባላል!» ማን ነው የሚለው? እሱው ነዋ!

እናላችሁ፣ በሕልሙ ለቦራ ውሃ ቀድቶ ሲመለስ ፍርስራሹ ተራራውን ወርዶ መጣ። ግንቡ፣ በሩ፣ ደረጃው፣ ሁሉም ቲኬታቸውን ይዘው ሰው ሊጎበኙ ተሰልፈዋል። ግማሹ የፈረሰ ግንብ ጃንጥላ ዘርግቶ ከፊት ይመራል።

«ይህ፣ ሰው ይባላል» አለ ግንቡ ወደ ስንሻው እያመለከተ። «ዕድሜው በውል አይታወቅም። በግራ በኩል ጥርሱ ፈርሷል። አደራ፣ እንዳትነኩት።»

አንዲት ደረጃ አላስችል ብሏት ነካችው። «ውይ፣ ይሞቃል!»

ከዚያ እየነዱ የቅዳሜ ገበያ አስገቡት። እዚያ አህዮቹ ቁጭ ብለው ሰው ይገበያያሉ። አንዲት አሮጊት አህያ ከንፈሩን ገልጣ ጥርሱን አየችና «ይሄማ ወሬ እንጂ ጭነት አይችልም» ብላ ትታው ሄደች። ስንሻው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሳትገዛው በመቅረቷ ከፋው።

«ኧረ ልቀቁኝ! ላሜ ውሃ ጠምቷታል!»

«እንለቅሃለን» አለ ግንቡ። «አንዲት ነገር ብቻ ያለ ‹ይባላል› ተናገር። ካቃተህ ግን ቅርስ ነህ፤ በገመድ ታጥረህ እዚሁ ትቀራታለህ።»

«ይቺን ነው? ጠይቀኝ!»

«ስምህ ማን ነው?»

ስንሻው ጉሮሮውን ጠራርጎ ደረቱን ነፋ። «ስሜ ስንሻው ይባላል!»

ድንጋዮቹ በሳቅ ፍርስ አሉ፤ ሁለቱማ ከምር ፈረሱ። ገመዱን ሲዘረጉበት ቦራ ከሩቅ «እምቧ!» አለች። ያኔ ነቃ።

ቦራ ግን እውነትም እምቧ ትላለች። ሚስቱ አንጓች አልጋው ራስጌ ቆማለች።

«ተነሥ አንተ! ሰዎች መጥተው ገንዳችንን በገመድ አጠሩት!»

«የምን ሰዎች?»

«ቅርስ መዝጋቢ ነን ባዮች። ንግሥቲቱ እግሯን ታጥባበታለችና ከብት ድርሽ እንዳይል አሉ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ! ስንሻው በባዶ እግሩ እየሮጠ ወጣ። ቦራ ከገመዱ ወዲህ ሆና ምላሷን አውጥታለች።

«ጌቶቼ፣ በላሜ ይዤያችኋለሁ! ገንዳው የእሷ ነው። የጠረብኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ!» አለ። በዕድሜው ያለ «ይባላል» ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የመዝጋቢዎቹ አለቃ አንገቱን እየነቀነቀ ወደ ጸሐፊው ዞረ።

«ጻፍ» አለው። «የጠረበው እሱ ነው ይባላል።»